ኡኡታ ያለ ጊታር

፬

በሩ ተገነጠለ።

(ከአንድ ብጀምር ደግ ነበር። ግን ትርሲትም ነገሩ የገባት በሩ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ገባት ካልነው። እኔ ከእሷ ቀድሜ አዋቂ ልሁን ብል ያስነውረኛል።)

፩

ትርሲት የ«ግሪሳ» ድምፃዊት ናት። ግሪሳ የሦስት ሰው የትራሽ ሜታል ባንድ ነው፤ ይድነቃቸው ጊታር ይጫወታል፣ ቀረጻውም የእሱ ነው፤ ድራሙን የሚደበድበው ካሌብ ነው። ሜታል ደግሞ ምንድን ነው ለምትሉ፦ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣ ድራሙ ፋታ አይሰጥም፣ ዘፋኟ ጉሮሮዋ እስኪላጥ ትጮሃለች። ሰርግ ላይ የጠራቸው ሰው እስካሁን የለም።

የመጀመሪያ አልበማቸውን የሚቀዱት ኮልፌ፣ ትርሲት ባደገችበት ቤት ውስጥ ነው።

፪

ማስታወቂያ፣ በእድሩ ጥሩምባ ነፊ የተነገረ፦

«እነ ትርሲት ቤት ለአንድ ሳምንት የከበሮና የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት ይኖራል። ሰይጣን አይደለም፣ ሥራ ነው። ታገሱ ተብላችኋል።»

ጎረቤት ታገሠ። አምስት ቀን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ታገሠ። ስለ ሰው ድምፅ ግን ማስታወቂያው ምንም አላለም።

፫

ስምንተኛ ዘፈን። ርዕስ፦ «ሰው የለም»። ርዝመት፦ ሦስት ደቂቃ ከአሥር።

ትርሲት አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ አባቷ እናቷን ሲደበድብ ደጅ ወጥታ ኡኡ አለች። እሁድ ከሰዓት ነበር፤ መንደርተኛው ሁሉ እቤቱ ነው። ማንም አልመጣም። የእናቷ ግራ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ዘፈኑ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ንዴቱን አሥራ ስድስት ዓመት ይዛው ዞራለች። ዘፈኑን ስድስት ጊዜ ቀዳችው፤ ስድስቱንም ጊዜ የሰው ንዴት የተዋሰች መሰላት። ሰባተኛው ላይ መጣ። ይድነቃቸው ትንፋሹን ዋጠ።

አሁን ስህተታቸውን ልንገራችሁ። ድምፅ ብቻውን ሲቀዳ ጊታሩም ድራሙም የሚሰማው በዘፋኟ ማዳመጫ ውስጥ ነው። ክፍሉ ጭጭ ያለ ነው። ስለዚህ ውጭ ያለው ሰው ሙዚቃ የሚባል ነገር አልሰማም። የሰማው ይህንን ነው፦

ኡኡ!

          ኡኡ!

                    ድረሱልኝ!

፬ (እንደገና)

በሩ ተገነጠለ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ቦጋለ ሽመላቸውን ይዘው ገቡ፤ እትዬ ጠጂቱ ዘነዘና ይዘው ተከተሉ፤ ከኋላቸው ሰው በሰው ላይ ሆነ። ካሌብ ምስኪኑ ጥግ ላይ ሻዩን ይጠጣ ነበር፤ አንገቱን ይዘው ከግድግዳ አጣበቁት።

«አለን! አይዞሽ ልጄ፣ ደርሰናል!»

ይህ ቅጂው ላይ አለ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ ላይ።

፭

ይድነቃቸው እየተንተባተበ አስረዳ። ሰዎቹ አፈሩ፣ ከዚያ ሳቁ። እትዬ ጠጂቱ ካሌብን ይቅርታ ጠይቀው ሸሚዙን አራገፉለት።

ትርሲት አልሳቀችም። ተናደደች፤ ደግሞ የጎረቤቶቿ አንገት ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ አማራት። የትኛው ይቅደም? እኔም እሷን እያየሁ ግራ ገባኝ። ስላልመጡ ዘፈን ጽፋ፣ ዘፈኑ መሃል መጡባት።

፮

(ማይኩን ያጠፋው ሰው አልነበረም። እንደተቀዳ እገለብጠዋለሁ።)

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ያኔ አልሰሙኝም ነበር?

ጋሽ ቦጋለ፦ መቼ?

ትርሲት፦ አባዬ እማዬን የደበደባት ዕለት።

ጋሽ ቦጋለ፦


(አሥራ አንድ ሰከንድ።)


ጋሽ ቦጋለ፦ ሰምተን ነበር።

ትርሲት፦ እና?

ጋሽ ቦጋለ፦ የባልና የሚስት ነው ብለን ተቀመጥን።

ትርሲት፦ ዛሬስ?

ጋሽ ቦጋለ፦ ዛሬማ የሚመታሽ ማን እንደሆነ አላወቅንም።

፯

አላወቅንም።

፰

በማግስቱ የትርሲት ድምፅ ጠፋ። ሐኪሙ ሁለት ወር እንዳትጮህ፣ ከቻለችም እንዳታወራ አዘዛት። ዘፈኑ ሌላ ቅጂ አይኖረውም ማለት ነው፤ ይድነቃቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ኡኡታ ሁለተኛ አይወጣትም ባይ ነው።

«አለን» የሚለውን ልቁረጠው ወይስ ይቆይ አላት። ቢቆረጥ ዘፈኑ እንደጻፈችው ይሆናል፤ ማንም አልመጣም። ቢቆይ መጥተዋል። የመጡት ግን መቺው ማን እንደሆነ ስላላወቁ ነው። ባል ነው ቢባሉ ኖሮስ? ትርሲት ማንን ይዛ እንደምትናደድ ጠፋት።

መናገር ስለተከለከለች መልሷን እንድትጽፍበት የዘፈኖቹን ዝርዝር ከነእስክሪብቶው ሰጣት። ማዳመጫውን አድርጋ የጋሽ ቦጋለን ዝምታ ከፈተች፤ ጨርሳ እንደገና ከፈተች። ትንፋሻቸው ይሰማል። አንድ ጊዜ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

ከስምንተኛው ሥር ጻፈች፦

ዘጠነኛ ዘፈን። ርዝመት፦ አሥራ አንድ ሰከንድ። ርዕስ፦