የሱሃይላ ጆግ

አዳማ ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ጠርሙስ አጥቤያለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ቢሆንም ዓይን አለኝ።

ተማሪዎቹ ስሙ ያልተነገራቸው ባክቴሪያ በቲዩብ ይሰጣቸዋል። ምን እንደሆነ ማወቅ ነው ፈተናው። ስላይድ በሚባል ቁራጭ መስታወት ላይ አድርገው ቀለም ይቀቡታል፣ አልኮል ያፈሱበታል፣ ወዲያው በውሃ ያጥቡታል፣ ከዚያ ሁለተኛ ቀለም ይጨምራሉ። ወይን ጠጅ ሆኖ ከቀረ አንድ ወገን ነው፤ ሮዝ ከወጣ ሌላ። እዚህ ላይ የሳተ፣ የቀረው ሁሉ ይበላሽበታል።

የሚማሩበትን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ቧንቧ አለው። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው ሲያሻው ነው፤ የሚቀዳው ደጅ ካለው ሮቶ ነው። ተማሪው አልኮሉን አፍስሶ ውሃ ሊያመጣ ሲሮጥ፣ አልኮሉ ቀለሙን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል፤ ወይን ጠጅ መሆን የነበረበት ሮዝ ይወጣል። ይህን ከስድስት ዓመት በፊት ለመምህር ምልኬሳ ነገርኩት። ተማሪዎች ፊት፣ «አንተ ጠርሙስህን እጠብ፤ ማስተማሩን ለእኔ ተወው» አለኝ። ሳቁ። ሳቃቸው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዘንድሮ ሱሃይላ የምትባል የሁሩታ ልጅ መጣች። ባክቴሪያዋ ሁለቴ ሮዝ ወጣባት፤ ሁለቴም «ተሳስተሻል» ተባለች። ማጠቢያው ጋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ጋሽዬ፣ አርብ ፈተና ነው። ከወደቅኩ አባቴ መጥቶ ይወስደኛል። ትምህርቱ አለቀ ማለት ነው።»

«አልኮሉን ከማንሳትሽ በፊት ውሃውን በጆግ ቀድተሽ አጠገብሽ አስቀምጪ» አልኳት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

በማግሥቱ ወይን ጠጅ ወጣላት። እጄን ልትስም ምንም አልቀራት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ምልኬሳ ማይክሮስኮፑን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ይህን የጆግ ነገር ማን ነገረሽ?» አላት። ባልዲዬን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ፤ ወዲያው ተነሳ።

«ራሴ... ሳስበው ነው፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ! አያችሁ? ጭንቅላት ማለት ይህ ነው!»

ቀልደኛው ሁንዴ «የሱሃይላ ጆግ» ብሎ ስም አወጣለት። ምልኬሳም ዞር ብሎ፣ «አንተ ገሠሠ፣ አርብ ጆጎቹን ሞልተህ በየጠረጴዛው ታስቀምጣለህ» አለኝ።

ኋላ ኮሪደር ላይ ተከትላኝ፣ «ጋሽዬ፣ ደንግጬ ነው እኮ» አለችኝ። «ምንም አይደል» አልኳት። አፌ ነው ምንም አይደል ያለው።

አርብ ቧንቧው ደርቆ ዋለ። አሥራ ሁለት ጆግ ነበር። አሥራ አንዱን ሞላሁ።

ሱሃይላ አልኮሉን አፈሰሰች፣ ጆጉን አነሳች፣ ቀለላት። በፈተና ሰዓት የሌላ ሰው ጠረጴዛ መንካት ክልክል ነው።

«ጋሽዬ ውሃ! በአላህ!»

ሮቶው ሠላሳ እርምጃ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ቀስ ብዬ ተመለስኩ። የተሰጣት ስላይድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሮዝ ወጣ። ጆጉን ማን እንዳልሞላው የጠየቀኝ የለም።

ውጤት በተለጠፈ ማግሥት አባቷ መጥቶ ሻንጣዋን ተሸከመ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ገሠሠ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? የጆጉን ዘዴ ያሳየኝ ጋሽ ገሠሠ ነው ብላ በስልክ ነግራኝ ነበር። አልሆነላትም እንጂ፣ አላህ ይስጥልኝ።»

እሷ ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ቃል መምህሩ ፊት ብትለው ምን ነበረበት?