የአምስተኛው ጆንያ መንገድ

«እኔና ኤልሚ በቀን አምስት ጆንያ ቅጠል እንሰበስብ ነበር» አለ ዱዓሌ፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የቆሻሻ መኪናው ላይ የሚጫነው ግን አራት ነበር። አምስተኛውን ኤልሚ ይወስደው ነበር።»

«ወዴት?» አለች ናይማ።

ባሏን ኤልሚን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት ስለ ቅጠል ትጠይቃለች ወይ የሚል ካለ፣ እሱ ናይማን አያውቃትም። ነጭ ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሴቶቹ ከቁርኣን ያሲንን ሲያነቡ ትሰማለች፤ ሐሳቧ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ያጣችለት ጥያቄ ላይ ነው። ኤልሚ የማዘጋጃ ቤት መንገድ ጠራጊ ነበር። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር የኒም ዛፍ ያለበትን መንገድ ከዱዓሌ ጋር ይጠርግ ነበር። ሥራው በሰባት ሰዓት ያልቅ ነበር፤ እሱ ግን ቤት የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነበር።

እሑድ ዕለት ጠይቃው ነበር። «ሌላ ሚስት አግብተህ ከሆነ ንገረኝ፤ ከሰው አፍ አልስማው።»

ኤልሚ ሳቀ። «ዝናቡ ይምጣና እነግርሻለሁ» አላት። አኮረፈች፤ እራት አቀረበችለት እንጂ አብራው አልበላችም። በማግስቱ ረፋድ ላይ መጥረጊያውን እንደያዘ ዛፍ ሥር ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ።

በሃይማኖቷ ሕግ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ያን ሁሉ ቀን ታልቅስለት ወይስ ትቆጣው? የት ይሄድ እንደነበር ሳታውቅ እንዴት ትቀመጥ?

«አላህን ፈርተህ ንገረኝ፣ ዱዓሌ።» ሁለቱም ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ ክፍሉን የሞላው የአገሩ ሴት አማርኛ ስለማያውቅ፣ እንዳይሰማቸው በአማርኛ ነው የሚያወሩት።

«ወላሂ አላውቅም እህቴ። ውሃ የሚሸጠው ዓብዲናሲር ጋሪው ላይ ይጭንና አብረው ወደ አያሃ ሰፈር ይሄዱ ነበር። ኤልሚን ስጠይቀው፣ ‹አንተ መጥረጊያህን ያዝ› ይለኝ ነበር።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ብርቅነሽ ሰማች። ከጎጃም የመጣች ጎረቤቷ ናት፤ የቀን ሥራ ትሠራለች። «አያሃ? እኔ ነገ እዚያ ነው የምውለው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባለጋሪውን ጠይቄ አይልሻለሁ።»

«ሴት ካለች...»

«ካለች አለች ነው የምልሽ። አልሸነግልሽም።»

እስከ ማግስቱ ናይማ ሴትዮዋን በሐሳቧ ስትሠራት ቆየች። መጀመሪያ ወጣት አደረገቻት፣ ቀጥላ ልጅ አሳቀፈቻት። ግን ለሴት ቅጠል ይዞ የሚሄድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ፍየል ይኖራታል ማለት ነው አለች። ፍየሎቹንም ጠላቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ብርቅነሽ መጣች፤ ጫማዋ ነጭ አቧራ ለብሷል። በእጇ ፌስታል ይዛለች።

«ሴትም የለች፣ ፍየልም የለ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «በድንጋይ የታጠረ ባዶ ቦታ ነው። በሩ ሰማያዊ የበርሜል ቆርቆሮ ነው።»

ናይማ ቦታውን አወቀችው። ከሁለት ዓመት በፊት ኤልሚ ወስዶ አሳይቷታል፤ ቤት ሊሠራላት ያሰበበት መሬት ነው። ነጭ ድንጋይ ብቻ ነበር። «እናቴ ግቢ ሎሚ ነበረ» አለችው ያኔ። «እዚህ ሣር እንኳ አይበቅልም። እኔ እዚህ አልኖርም።» ኤልሚ ቃል መግባት አይወድም፤ ሠርቶ ማሳየት ነው የሚቀናው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው አንስቶ ስለማያውቅ የሸጠው መስሏት ነበር።

«ድንጋዩን ፈልፍሎ ወገብ ድረስ የሚያስገባ ጉድጓድ ቆፍሯል» አለች ብርቅነሽ። «ቅጠሉን እየሞላ፣ ውሃ እያጠጣ አበስብሶታል። ባለጋሪው ምን እያደረግህ ነው ሲለው፣ ‹ለናይማ አፈር እየሠራሁ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ይተከልበታል› ይለው ነበር።»

ፌስታሉን ሰጠቻት። ናይማ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች። ጥቁር፣ ልም አፈር ነው። ላዩ ደርቋል፤ ታቹ ግን ቀዝቃዛና እርጥብ ነው።

«መጨረሻ ያጠጣው እሑድ ነው አለኝ።»

ያኮረፈችበት ቀን ነው። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ አሁን መጣ። ኤልሚ አንጀቷን በላው፤ በራሷም አፈረች። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋት፤ ሐዘንተኛ ስታለቅስ ለምን ተብላ አትጠየቅምና ንባባቸውን ቀጠሉ።

እጇን አወጣች። ጣቶቿ ላይ የቀረውን አፈር አራግፋ ወደ ፌስታሉ መለሰች፤ ከዚያ እርጥበቱ እንዳይወጣ አፉን ጠቅልላ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።