ወፍራሙ ሶል

ኦዲተሯ ባለሱቁን ሳታስፈቅድ ጆንያውን አነሳችና ወለሉ ላይ ገለበጠችው። የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ፣ የሕፃን ሰንደል፣ ጓደኛው የጠፋበት የዝናብ ቦት፣ ሁሉም እየተንከባለለ እስከ በሩ ድረስ ተበተነ።

"ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ!" ባለሱቁ ከሚዛኑ ጀርባ ዘሎ ተነሳ። ልብሱንም ጫማውንም አሮጌ መጽሐፉንም እንደ ድንች በኪሎ የሚሸጥ ሰው ነው። "እዚህ ቤት ሳይመዘን የሚነካ ዕቃ የለም!"

"የእናቴን ጫማ ነው የምፈልገው። የአንዱ እግር ሶል ወፍራም፣ የሌላው ቀጭን የሆነ።"

"እንዲህ ያለውን ጉድ ማን ይገዛኛል? በይ የበተንሽውን ልቀሚ!"

ኦዲተሯ መልቀም ቀርቶ ጎንበስም አላለች። በአገጯ የወንድሟን ሚስት አመለከተችው። "እሷ ትልቀምልህ። የእናቴን ዕቃ መበተን የጀመረችው እሷ ናት።"

ምራትየዋ ተንበርክካ ለቀመች። ላውንደሪ ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናትና ጎንበስ ማለት አዲሷ አልነበረም። ያቃጠላት ሌላ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የገቡባቸው የልባሽ ሱቆች ሦስት ደርሰዋል፤ በሦስቱም እንደ ሌባ ጣት ተቀስሮባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቷ ሳንባቸውን ታመው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተዋል። ዛሬ ሊወጡ ነው፤ ሐኪሙ ግን፣ "አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ኮሪደሩን በእግራቸው ሲሄዱ ካላየሁ አላስወጣቸውም" ብሏል። እማማ ደግሞ ያለዚያ ጫማ አንድ እርምጃ አይራመዱም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጭናቸው ተሰብሮ ሲጠገን አንድ እግራቸው አጠረ። ከዚያ ወዲህ የሚያቆማቸው በልካቸው የተሠራ፣ አንዱ ሶሉ አራት ጣት የሚወፍር ጫማ ነው። አዲስ ማሠራት ሁለት ወር ይፈጃል። ጫማው ሶሉ እንዲታደስ ወደ ጫማ ሰፊ ሊሄድ በጆንያ ታስሮ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ለአሮጌ ልብስ ሰብሳቢው የተዘጋጀ ሌላ ጆንያ ነበር። ሰብሳቢው ሁለቱንም ተሸክሞ ሄደ።

ያስረከበው ባሏ ነው። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ግን እህቱ ከምትኖርበት ከተማ ትናንት ስትደርስ ባልየው አንገቱን ደፍቶ፣ "ቤት ስታጸዳ ተሳስታ ነው" አለ። ይባስ ብሎ አሁን፣ ገና ከሱቁ ሳይርቁ፣ ደወለላት።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት እንዳትያት፣ አደራ። እህቴን ታውቂያታለሽ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እሷንማ አውቃታለሁ። ያላወቅኩት አንተን ነው" አለችና ዘጋችበት።

ኦዲተሯ በሙያዋ ብቻ ሳይሆን በተፈጥሮዋም ኦዲተር ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ለእሷ ብለው የተረቱት ይመስል ወንድሟ ቤት በመጣች ቁጥር የማትከፍተው ቁም ሳጥን፣ የማታሸተው ፎጣ የለም። ሁለት ቀን ትቆያለች። እናቷን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ስማ፣ አብራቸው ፎቶ ተነስታ፣ እንደተቀመጡ ተሰናብታቸው ትሄዳለች።

አራተኛው ሱቅ የሰው ዋንጫ ይሸጥበታል። መደርደሪያው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሩጫ፣ የቼዝ፣ የመዝሙር ሽልማት ተደርድሯል። ግድግዳው ጥቁር ካባ በለበሱ ተመራቂዎች ፎቶ ተሞልቷል። ባለሱቋ አሮጊት ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

"የማያውቁትን ሰው ምርቃት ማን ይገዛል?" አለች ኦዲተሯ አንዱን ፍሬም በጣቷ ጫፍ አንስታ።

"ዘመድ የሌለው ይገዛል። አንቺ ግን ብትለምኚኝም አልሸጥልሽም። ፊትሽ ዕቃ ያስፈራል።"

ምራትየዋ ሳቋ አመለጣት። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻትና ድምፅዋን አለሰለሰች። "ያንቺስ ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?" ምራትየዋ ስለ ጠፋው ጫማ ነገረቻት። "የምርኩዝና የእግር ነገር ሁሉ የሚሄደው አሮጌው ሞል ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ዶክተር የሚሉት ሰውዬ አለ።"

መንገድ ላይ ኦዲተሯ ቆማ ጠበቀቻት። "እናቴ እዚያ ተጋድማ አንቺ ትገለፍጫለሽ?"

"አልገለፈጥኩም፣ እትዬ።"

"ወንድሜ ሲያገባሽ ተናግሬያለሁ። ይህ ቤት የሚይዝ እጅ አይደለም ብያለሁ።"

"ብለዋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ እኔም ሰምቻለሁ።"

ሞሉ ደረሱ። አንድ ጊዜ ሰው ከጎረቤት ከተማ ድረስ ተንቀሳቃሽ ደረጃውን ሊያይ ይመጣበት የነበረ ሕንፃ ነው። አሁን ደረጃው ከቆመ ዓመታት ስላለፉት ሰው እንደ ተራ መሰላል እየረገጠ ይወጣበታል። የመሬቱ ፎቅ ፏፏቴ ደርቆ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶታል። የሱቆቹ መስታወት በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ በአንደኛው ውስጥ ራስ የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል።

"ሦስተኛ ፎቅ?" አለ ጥበቃው ከእንቅልፉ ነቅቶ። "እሱ ሰውዬ አሁንም አለ እንዴ?"

አለ። ሱቁ የሙሽራ ልብስ ይሸጥበት የነበረ ነው። ባለወርቅ ፍሬም መስታወቶቹ እንዳሉ ሆነው፣ ቬሎ ይሰቀልበት በነበረው ቦታ ምርኩዝ ተሰቅሏል፤ መሐሉን ተሽከርካሪ ወንበር ሞልቶታል። ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተቀምጧል። ሰውዬው ጭራሽ ሕክምና አልተማረም፤ ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ነው ዶክተር የተባለው። የተፈለገውን ሲነግሩት ከውስጥ ሁለት ጥንድ ጫማ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

አንደኛው ቡኒ ነው፤ ቆዳው ገና ያበራል። ሌላው ጥቁርና ያረጀ። ምራትየዋ ጥቁሩን እንዳየች አወቀችው። ተረከዙ አጠገብ በነጭ ክር ተሰፍቷል። ጥቁር ክር አልቆባት ራሷ የሰፋችው ነው።

"የሚያጥረው የትኛው እግር ነው?" አለ ዶክተር።

"ግራው!" አለች ኦዲተሯ።

ምራትየዋ ዞራ አየቻት። የቀለደች መስሏት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ያሰረችው ወፍራም ሶል የቀኝ እግር ነው።

"እትዬ፣ እሱ እኮ..."

"አንቺ ዝም በይ! እዚህ ያደረሰን ያንቺ ማወቅ ነው።" ኦዲተሯ ቡኒውን አንስታ አገላበጠችው፤ ወፍራሙ ሶል የግራው ነበር። "ይኸውልህ! እማዬ ድሮም ቡኒ ነው የምትወደው። ይኸው ነው፣ አውቀዋለሁ።"

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ምራትየዋ አፏን ዘጋች። ኦዲተሯ ከፈለች፤ የጫማውን ፌስታል እንደ ዋንጫ ይዛ የሞተውን ደረጃ ቀጭ ቀጭ እያደረገች ወረደች።

"ጥቁሩን ስጠኝ፤ ቶሎ በል" አለች ምራትየዋ።

ዶክተር ሳቀ። "የእናንተ እናት ስንት እግር ነው ያላቸው? ለምን አልነገርሻትም?"

"ዝም በይ ተባልኩ፤ ዝም አልኩ።"

ጥቁሩን ጫማ በእጅ ቦርሳዋ ከታች ከተተችው። ታክሲ ውስጥ ኦዲተሯ ስለ ጥንቃቄ፣ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ሰው እናት ክብር ስትሰብካት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር፤ ከጠዋቱ ይልቅ ስድቡ ቀሏታል። ሆስፒታል እስኪደርሱ ቸኩላለች። የዛሬን ስድብ ሁሉ በአንድ እግር ልታወራርድ ነው።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ክፍሉ ገቡ። እማማ ተጣጥበው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

"እማዬ፣ አገኘሁልሽ!" ኦዲተሯ ከነሙሉ ልብሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

ምራትየዋ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። "እርስዎ ራስዎ ያጥልቁላቸው፣ እትዬ። ልጃቸው እርስዎ ነዎት።"

ኦዲተሯ የእናቷን ግራ እግር ይዛ ወፍራሙን ጫማ አጠለቀች። እማማ ጫማውን አዩ። ከዚያ በልጃቸው ራስ ላይ አሻግረው ምራታቸውን አዩ። ዓይናቸው ሁሉን ያውቅ ነበር። ምራትየዋ ጠበቀች። እማማ እጃቸውን ልጃቸው ፀጉር ላይ አሳረፉ።

"ልክ ነው፣ ልጄ። ተባረኪ። ብቻ ዛሬ ደከም ብሎኛል፤ ሐኪሙን ነገ ይምጣ በይልኝ።"

"እዚህ ልታድሪ?"

"ምን አለበት። አንድ ቀን ነው።"

ምራትየዋ ጆሮዋን አላመነችም። ያ አፍ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ፣ "ቀስ በይ እንጂ፣ እጅሽ ድንጋይ ነው እንዴ" ሲላት የኖረ ነው። ልክ ነው ብሎ አያውቅም፤ ተባረኪ ብሎም አያውቅም። ለልጅየዋ ስህተት ግን ያችን የታመመች ሳንባ እዚያ አልጋ ላይ ለማሳደር ተዘጋጅቷል። ቅናት አንገቷ ድረስ መጣ። ለአንድ አፍታ ቦርሳዋን ይዛ ቤቷ መሄድ፣ እናትና ልጅን ከነቡኒ ጫማቸው መተው አማራት።

ከኮሪደሩ ወዲያ የሐኪሙ ድምፅ ተሰማ።

ተነሳች። ጥቁሩን ጫማ ከቦርሳዋ አወጣችና የእማማ እግር ሥር ሳይሆን የተንበረከከችው ሴት ታፋ ላይ አስቀመጠችው።

"የሚያጥረው ቀኙ ነው" አለች። "ጆንያውንም ያስረከበው ወንድምዎ ነው።"

ኦዲተሯ ጫማውን አየች፤ የእናቷን ሁለት እግሮች አየች፤ አንዱን አንዱን እያፈራረቀች፣ ገና ዛሬ እንዳወቀቻቸው። አንገቷ ቀላ። እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"እኔ ታክሲ ልጥራ" አለች ምራትየዋ። "ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚያስሩላቸው እርስዎ ወይም ወንድምዎ ናችሁ። እኔ ሥራ ይረፍድብኛል።"

በሩን ሳትዘጋው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እንደሄደች የእማማ ድምፅ ከኋላዋ ተሰማ። "ቀስ በይ፣ ልጄ። እንደሱ አይደለም። መጀመሪያ ክሩን አላልተሽ ምላሱን ወደ ላይ ሳቢው።"

ዞራ ልታሳያት እጇ ተነሳ። መልሳ ኪሷ ከተተችውና ወደ መውጫው ሄደች።