አንዴ ብቻ የሚጠይቅ አገር

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ፊደል የቆጠረውን ስንቱን አፍ አስይዣለሁ! እዚህ ሰው አገር ግን ምላሴን ገና በር ላይ ተቀበሉኝ። ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ልጄ እየጎተተች ቋንቋ ትምህርት ቤት ታስገባኛለች። አስተማሪዋ የልጅ ልጄ ብትሆን ነው፤ የፕላስቲክ ቲማቲም አንስታ "ይህ ምንድን ነው?" ትለኛለች። ቲማቲም መሆኑ ጠፍቷት ነው?

"እማዬ፣ አታሹፊ፣ ተማሪ" ትላለች ልጄ። "እኔ የሌለሁ ቀን ምን ይውጥሽ?"

"ሟርተኛ! አፍሽን ዝጊ!"

ያ ቀን መጣ። ልጄ የሐሞት ጠጠር ተገኘባትና ኦፕራሲዮን ልትደረግ ሆስፒታል ገባች። ጠዋት አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት እጄን ይዛ፣ "እማዬ፣ ስነቃ አጠገቤ ሁኚ። ካላየሁሽ እፈራለሁ" አለችኝ። አርባ ዓመቷ ነው፤ ቢሆንም ልጅ ልጅ ነው።

"የት አባቴ እሄዳለሁ!" አልኳት።

ሰባት ሰዓት ላይ መለሷት፤ ገና አልነቃችም። ነርሷ ወንበር ጎትታ ራስጌዋ አስጠጋችና በአፏም በእጇም "ይቀመጡ፣ እዚሁ ይቆዩ" አለችኝ። ገብቶኛል እኮ! ግን የጨዋ ልጅ ነኝ፤ ሲያቀርቡልኝ ተንደርድሬ አልቀመጥም። "አይ፣ አይሆንም፣ አመሰግናለሁ" አልኩ በቋንቋቸው፣ ጥርት አድርጌ። "በሞቴ" ብላ ትከሻዬን ይዛ እስክታስቀምጠኝ ጠበቅኩ።

የምን በሞቴ! ወንበሩን ጎረቤት አልጋ ላይ ለተኛችው በሽተኛ ባል ሰጠችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወጣች፤ የተሻለ ወንበር ልትሰጠኝ መስሎኝ ተከተልኳት። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ፈገግ ብላ የመስታወቱን በር ዘጋችብኝ።

በሩን ደበደብኩ፤ ብቅ አለች። የሰባት ወር ትምህርቴን ዘረገፍኩላት፦ "ልጅ። እናት። ወንበር። ማክሰኞ።" ማክሰኞን ምን እንዳመጣት እንጃ፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። ተግደርድሬ ነው የሚባለውን በምን አፌ ልንገራት?

አንድ ጣቷን ቀስራ ወደ ባልየው ጠቆመች። በክፍሉ አንድ ጠያቂ ነው የሚፈቀደው፤ እሱም ተቀምጧል። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አሳየችኝ፦ አስር ሰዓት ይመለሱ።

"የኔ እናት፣ ስለ እግዜር! ተሳስቼ ነው፣ አስገቢኝ!" አልኳት በራሴው ቋንቋ። እኔ፣ ለባሌ እንኳ አንገቴን ያልሰበርኩት! ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አድርጋኝ ሄደች።

በመስታወቱ አያታለሁ። ልጄ ዓይኗን ገለጠች። አንገቷን ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች። ያ ባዕድ ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ቢያያት ክው አለች።

"አለሁ! እዚህ ነኝ፣ እናትሽ!" ብዬ መስታወቱን በሁለት እጄ ወቀጥኩት። ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘ። ብዙ ተናገረ፤ አንዱም አልገባኝም። ልጄ "እማዬ" ስትል ከንፈሯን አየሁ፤ እሱ ግን እየጎተተኝ ነበር።