ለቡላ የገዛሁላት ሮዝ ገመድ

ትናንት ቡላ በፉጨት ብቻ መጣችልኝ። እሺ፣ በቅደም ተከተል መንገር አለብኝ፣ ግን ይሄን ሳልናገር አልችልም። ቡላ ፈረሴ ናት። እላይ ባህር ዛፉ ስር ሣር እየጋጠች ነበር። እኔ እታች አጥሩ ጋ ቆሜ እንደ ጋሽ ኢቲቻ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጨሁ። ቀና አለች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ ከዛ ቁልቁለቱን እየጋለበች ወርዳ አፍንጫዋን ደረቴ ላይ ለጠፈችው። ከዚህ በፊት ሳፏጭ ዞራ እንኳን አይታኝ አታውቅም። ለሊሴ ደሞ "ፉጨትሽ እኮ የተበሳ ጎማ ነው የሚመስለው" እያለች ስትስቅብኝ ነው የከረመችው። ትናንት ግን መጣች። ልቤ ልትወጣ ነበር።

እና በሌላኛው እጄ ሮዝ ገመድ ይዤ ነበር። ጉዱ የመጣው ከዛ ነው።

ቆይ፣ ለማታውቁት። ቡላን የገዛልኝ አጎቴ ወንደሰን ነው። ቡላ ያልናት ቀለሟ ወተት ውስጥ ማር ጠብ ያለበት ስለሚመስል ነው። እኛ ሲግናል ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ፈረስ ደሞ በረንዳ ላይ አይታሰርም። ስለዚህ የምታድረው ከላምበረት ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ጋሽ ኢቲቻ ጋጣ ነው። ጋሽ ኢቲቻ ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ አሁን የሰው ፈረስ ተቀብለው ያሳድራሉ። ለሊሴ ልጃቸው ናት፣ እኩያዬ፣ ተረበኛ። ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት ጠዋት ጠዋት ፉርሽካውን በሞቀ ውሃ እያሹ ነው የሚሰጧት። እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ እሷ ቁርስ በልታለች።

ባለፈው ሳምንት ግን ጅብ መጣ። የጎረቤታቸውን ውርንጭላ በላ፤ በር ሰብሮ አይደለም፣ በቆርቆሮው ስር ቆፍሮ ገብቶ። ፋዘር ይሄን ሲሰማ "በቃ አያት እናዛውራታለን" አለ። አያት ሰፈር አዲስ የተከፈተ ጋጣ አለ፣ ሄደን አየነው። የግንብ አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፣ ሐኪም አለው፣ ለፈረስ የሙቅ ውሃ ሻወር ሁሉ አለው። እኛ ቤት እንኳን ሙቅ ውሃ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። ግን ሣር የለም። ፈረሶቹ ይወጣሉ፣ አሸዋ ላይ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ይገባሉ። ለአንዱ አፏጨሁለት። ግድግዳውን እያየ ቀረ።

"እስከ ቅዳሜ አስቢበት፣ ፈረሷ ያንቺ ናት" አለኝ ፋዘር።

እያሰብኩ ነበር። እውነት እያሰብኩ ነበር። ገመዱን የገዛሁት ከጓደኛዬ ከፀዲ ጋር መርካቶ ቀሚስ ስንፈልግ ነው። ሮዝ ሆኖ ሳየው ቡላ አንገት ላይ ታየኝ፣ ገዛሁት፣ አለቀ። ስጦታ ነው። ከማዛወር ጋር ምንም አያገናኘውም።

ትናንት እንደመጣችልኝ በደስታ አሮጌውን ገመድ ፈትቼ አዲሱን አሰርኩላት። "ጋሼ፣ አያምርባትም?" አልኳቸው።

ጋሽ ኢቲቻ ገመዱን አዩት። እትዬ የሺመቤትን አዩ። "ያምራል ልጄ" አሉ። "መቼ ነው?"

"ምኑ ጋሼ?"

"መኪናው የሚመጣው።"

ፋዘር ደውሎ የነገራቸው መሰለኝ። "ቅዳሜ ነው መሰለኝ፣ ግን ገና..." ስል ዞረዋል። አሮጌውን ገመድ ከመሬት አንስተው ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ ሰቀሉት። "በሰላም ያግባት" አሉ። እትዬ የሺመቤት የቡላን ግንባር በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ወደ ቤት ገቡ። ማንም ለምን አላለኝም። ለምን ቢሉኝ ሁሉንም እነግራቸው ነበር።

ማታ ለሊሴ ደወለች። "ሃይሚ፣ ቢያንስ ለኔ አትነግሪኝም ነበር?"

"ምኑን?"

"ገመድ ይዘሽ መጥተሽ ምኑን ትያለሽ? እኛ ቤት ፈረስ የሚያድረው በኛ ገመድ ነው። ባለቤቱ የራሱን ገመድ ይዞ ከመጣ ሊወስድ ነው። አባዬ ደሞ ገመድ ይዞ የመጣን ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ለሱ ነውር ነው።"

"ለሊሴ ሙች ስጦታ ነው። ሮዝ ስለሆነ ነው የገዛሁት።"

"ሮዝ ስለሆነ" ብላ ደገመችው። "አንቺ ልጅ እኮ ጤና የለሽም።" ትንሽ የሳቀች መሰለኝ፣ ወዲያው ግን አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

"በቃ ነገ መጥቼ አትሄድም እላቸዋለሁ" አልኳት።

"ቆይ። ጅቡ ከመጣ ጀምሮ አባዬ የት እንደሚተኛ ታውቂያለሽ? ጋጣው ደጃፍ ላይ። ጋቢ ተከናንቦ፣ እሳት አንድዶ። ያ ሳሉ ተመልሶበታል። እማዬ ዛሬ ገብታ ስታለቅስ ስለ ቡላ ብቻ እንዳይመስልሽ። እፎይም ብላለች።" ከዛ ድምጿን ቀነስ አድርጋ "እኔ ምንም አላልኩሽም እሺ" ብላ ዘጋችው።

እኔ እኮ ቡላ የምታድረው ጋጣ ውስጥ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሰው ደጃፏ ላይ እንደሚያድርላት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ገብቼ ዩኒፎርሜን እንኳን አላወለቅኩም። ፋዘር አይሱዙ ያለው ሰው አናግሯል። ሄጄ እውነቱን ብናገር ጋሽ ኢቲቻ ደስ ይላቸዋል፣ ገመዳቸውን ከምስማሩ ያወርዳሉ፣ ማታ ደሞ ያንን ጋቢ ይዘው ብርዱ ላይ ይወጣሉ። ዝም ብል ቡላ አያት አሸዋ ላይ ስትዞር ትውላለች፣ እሳቸውም ምን አጥፍተን ነው እያሉ ይኖራሉ። ደሞ አይጠይቁኝም። ትናንት በፉጨቴ ባትመጣ ኖሮ ገመዱን ሳላስርላት እመለስ ነበር፤ ከዛ ሁሉ ቀን ትናንትን መርጣ መምጣቷ ነው የሚያናድደኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሄዳችሁ ትነግሯቸው ነበር፣ ወይስ ቅዳሜ መኪናው ላይ ትጭኗት ነበር?