በስሙ ፊት የነበረች ኮከብ

መሥሪያ ቤቱ በየቤታቸው ለሚታከሙ ሕሙማን የመተንፈሻ መሣሪያ ያከራያል፣ ይጠግናል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸውና አንድ በአንድ ማለፋቸው የማይቀር ነው። ያም ሆኖ ያረፈ ደንበኛ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ መሣሪያው ተመልሶ ለሌላ ሰው ሲሰጥ የጥገና ታሪኩ ይፈለጋል። «ሟች» ብሎ መጻፉ ደግሞ የስልክ ክፍሏን ባልደረባ እጃቸውን ያዛቸው። ስለዚህ ከስሙ ፊት አንዲት ኮከብ ያኖራሉ። ኮከብ ላለበት ስም አይደወልም። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው የለም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

እኒህን ሴት «እማማ ሄሎ» ይሏቸዋል፤ ስልክ ባነሡ ቁጥር ሦስት ጊዜ «ሄሎ» ካላሉ ነገር አይጀምሩምና። ከእሳቸው ፊት ለፊት የምትቀመጠው ጸሐፊዋ ናት፤ የድረ ገጹን ጽሑፍ የምታዘጋጀው። አባቷም የቤቱ ደንበኛ ነበሩ። ዓምና ባረፉ ጊዜ እማማ ሄሎ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ አንቺው አኑሪለት» አሏት። አኖረችላቸው።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ድረ ገጹ፣ የማስታወቂያ መልእክቱና የደንበኞች መዝገቡ ለየብቻ መቆማቸው ቀርቶ በአንድ ሲስተም እንዲጣመሩ አዘዘ። ጸሐፊዋ አንድ ጊዜ የጻፈችውን ሲስተሙ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም እየጠራ በየማለዳው ይልካል። ማጣመሩን የያዘው፣ ከቅጥነቱ የተነሣ «ሽቦ» የሚሉት ባለሙያ ነበር።

«ስሚኝማ» አላት አንድ ቀን። «እነዚህ ኮከቦች አላስገባ አሉኝ። ሲስተሙ ስም ላይ ከፊደል በቀር አልቀበልም ብሏል። እማማ ሄሎ ደግሞ ዓይናቸውን ሊታከሙ ዕረፍት ወጥተዋል። ለመሆኑ ምንድን ናቸው?»

«የሞቱ ናቸው» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ሽቦ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። «በይ እንግዲያው ወደ ማስታወሻው ዓምድ ላዛውራቸው። እኔ እንኳ መልእክት ላኪው ያንን ዓምድ ማንበቡን እርግጠኛ አይደለሁም። የተቀባዮቹን ዝርዝር ገጽ ገልጠሽ፣ ከስማቸው ጎን ‹አይላክላቸውም› የሚል ከሆነ አጽድቂልኝ። አደራ!»

ገጹን ልትገልጥ ተነሣች። ከስሞቹ መካከል የማን ስም እንዳለ ታውቅ ነበርና ጣቷ አልታዘዝ አላት። ሽቦ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ሳያረጋግጥ አልሰጠኝም ስትል ራሷን ደለለች፤ ያልሰጣትን ማረጋገጫ እንደ ሰጣት ቆጠረችው። ሳትገልጥም አጸደቀች።

መልእክቱን የጻፈችው ራሷ ናት። እንግዳ ቃል ፍለጋ አልደከመችም፤ አባቷ በሕይወት ሳሉ በየማለዳው ከበሩ ላይ ቆማ የምትጠይቃቸውን ጥያቄ ወደ አክብሮት መልሳ አሰፈረችው፤ «ትንፋሽዎ እንዴት አደረ?»

አባቷ በሕይወታቸው ሞባይል ይዘው አያውቁም። በመዝገቡ ላይ የተጻፈላቸው ቁጥር የእናቷ ነው።

እናቷ ነገር መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። ባላቸው ካረፉ በኋላ «የት ሄደ?» እያሉ ቤቱን ሲዞሩት ከረሙ። በተነገራቸው ቁጥር እንደ አዲስ ደረት ይመቱ ነበር። ከብዙ ልፋት በኋላ ግን ሐዘኑ ገባቸው፤ ወይም ደከማቸው። መጠየቁን ተዉት። ጸሐፊዋም ከወንድሞቿ ሁሉ ተለይታ ከእናቷ ጋር ስትኖር ያተረፈችው ነገር ቢኖር ይህ ዝምታ ነበር።

መልእክቱ መላክ በጀመረበት ዕለት ከሥራ ስትገባ የአባቷ አልጋ ተነጥፎ፣ ትራሱ ከፍ ብሎ ጠበቃት። እናቷ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው የውሃ ብርጭቆ በነጠላ ጨርቅ ይወለውላሉ።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀስ በይ፣ አትጩኺ። አባትሽ ሊተኛ ነው።»

«አባዬ የለም እኮ፣ እማዬ። ዓምና ቀበርነው።»

እናቷ እንደ ሞኝ ልጅ ዐዩአትና ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። «መሥሪያ ቤትሽ ጠየቀው እኮ። በስሙ ጠርተው፣ ትንፋሽዎ እንዴት አደረ አሉት። ደግሞ ያንቺው አነጋገር ነው፣ አላጣሁትም። አንቺ ሴት፣ የሞተ ሰው ትንፋሽ ይጠየቃል?»

አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘችና ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው፤ ሆስፒታሉን፣ ቀብሩን፣ ጥቁር ልብሱን። እናቷ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ያለቀሱት ልቅሶ የዓምናው አልነበረም፤ የዛሬ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መልእክቱ ደግሞ ገባ። እናቷ ዓይናቸው በርቶ፣ «አይ አንቺ! ትናንት ምን ብለሽ ነው ያስለቀስሽኝ?» ሲሉ ተቀበሏት። ሳትቀምስ ወጣች።

እማማ ሄሎ ከዕረፍት ተመልሰው በሁለት ስልክ እርግማን ሲቀበሉ መሥሪያ ቤት ደረሰች። ሽቦ ግድግዳ ተደግፎ ፊቱ አመድ መስሏል። ሥራ አስኪያጁ ቁጥር እያየ ነበር።

«ለነገሩ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «መልእክቱን የከፈተው ሰው ብዛት ከጠበቅነው በላይ ነው።»

«ይከፍታላ!» አሉ እማማ ሄሎ ስልኩን በመዳፋቸው አፍነው። «ባልሽ ከመቃብር ተጠራ ሲሏት ሳትከፍት ልትቀር ኖሯል? አሁን አንዷ፣ ‹መልሱን እሱው ይስጣችሁ፣ አድራሻውን ልንገራችሁ› አለችኝ።»

ሽቦ አንገቱን ደፋ። «ማስታወሻውን አያነብም። ወይ ሁሉንም ማቆም ነው፣ ወይ እየገቡ ከተቀባዮቹ ዝርዝር አንድ በአንድ ማጥፋት።»

«ሁሉንም ማቆም የሚባል ነገር የለም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። «አንድ ልብ የሚነካ የይቅርታ ጽሑፍ አዘጋጂ። ሲስተሙ ስማቸውን እየጠራ ያደርስላቸዋል።»

«ስማቸውን እየጠራ ነው ያቆሰላቸው» አለች። «አልጽፍም። ገጹን ሳልገልጥ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ አጠፋለሁ፤ ለየቤቱም በአፌ እደውላለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ትቷት ወጣ። ሽቦ ወንበር ሳበላት።

እሷ ስሙን ታጠፋለች፣ እማማ ሄሎ ቁጥሩን ይደውላሉ፣ ከዚያ ስልኩን ተቀብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። አንዳንዱ ሰደባት፤ አንዳንዱ አለቀሰባት። አንድ ሽማግሌ ግን፣ «ተዪው ልጄ፣ ስሟን የጠራልኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል» ብለው ሲዘጉባት፣ ከስድቡ ሁሉ ያ ከበዳት።

ሊመሽ ሲል አንድ ስም ቀረ። ከስሙ ፊት ኮከብ የለም፤ ሕያው ሰው ይመስላል። የእናቷ የማለዳ ዓይን ትዝ አላት። ይህን አንዱን ብትተወው ማን ይጎዳል? እናቷ በየማለዳው ደስ ይላቸዋል። ቀኑን ሙሉ ደግሞ የማይመጣ ሰው አልጋ ያነጥፋሉ፣ በር በሩን ያያሉ፣ እየተነገራቸው ያለቅሳሉ።

«እኔ ላጥፋልሽ?» አሉ እማማ ሄሎ በቀስታ።

«አይ። ኮከቧንም እኔው ነኝ ያኖርሁለት።» አጠፋችው።

በማግስቱ ከእናቷ ጎን ለመዋል ፈቃድ ጠይቃ ቤት ቀረች። እናቷ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። መብራቱን ያያሉ፣ ስልኩን ይነካኩታል፣ ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል። ምሳ ቀርቦ አልነኩትም። ከሰዓት በኋላ ስልኩን በመዳፋቸው ገለበጡትና ወደ እሷ ቀና አሉ።

«ዛሬ ሳይጠይቁት ዋሉ» አሉ። «ሞተ እንዴ?»

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

«አዎ፣ እማዬ» አለች።