ባዶ ሆዴን

የልጅ ልጄን ቡጢ ነው የምንላት። ስሙን ያወጣላት አባቷ፣ ልጄ ነው፤ ስትወለድ ጨብጣ የመጣችውን እጅ ጡት ስትጠባ እንኳ አልዘረጋችውም። ያ እጅ አድጎ የበሽተኛ ደም የሚቀዳ እጅ ሆነ። ላብራቶሪ ስትቀጠር ልጄ "እንግዲህ ቡጢ ዘረጋች" እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራ ነበር።

እሱ ሲታመም ሥራዋን ትታ ቤት ገባች። ለምርመራ የሚወሰደውን ደም ሌላ ሰው አታስነካም፤ ራሷ ነበረች የምትቀዳው። ከተቀበረ ወዲህ መርፌ ይዛ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ የሱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ። አናለቅስም። ድስት እጥዳለሁ፣ ሲገነፍል አየዋለሁ፣ አልነሳም።

አንድ ሆስፒታል ለሥራ በስልክ ጠይቆ የመጀመሪያውን ዙር አሳለፋት። ሁለተኛው ግን በአካል ነው፤ ጠያቂዎቹ ቆመው እያዩ ከሰው ደም መቅዳት አለባት። በዋዜማው እራት ላይ ነገረችኝ።

"ፈራሽ?" አልኳት።

"ፍርሃት ቢሆን ደግ ነበር። ምንም የለም እምዬ። እጄ የሰው እጅ መስሎኛል።"

ይህ ካለፋት ከዚያ ወንበር የሚያስነሳት የለም።

"በይ ነገ ጠዋት እኔ ላይ ሞክሪ።"

"ያንቺ ደም ሥር ይሸሻል።"

"ይሽሻ። ከክንዴ ወዲያ የት ሊደርስ።"

ጠዋት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ ዘረጋች። ጓንት፣ መርፌ፣ ብልቃጥ፣ አልኮል፣ ጥጥ፣ ላስቲክ ደረደረች። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን የቡጢን ጋውን አጥባና ተኩሳ ይዛ መጣች።

"በዚህ ጋውን ገብታ ካልቀጠሯት ጋውኑን ይቅጠሩት" አለች። ማንም አልሳቀላትም።

ቡጢ ክንዴን በላስቲክ አሰረችና ወጋችኝ። ደም የለም። መርፌ ቀይራ ሌላኛውን ክንዴን ወጋች። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። መርፌውን አስቀመጠችና ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

"በቃ። ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ።"

ድምፅዋ ላይ ሐዘን እንኳ የለም። ውሃ ጠፋ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። እኔ ከንፈሬን ላስኩ።

"እማማ፣ ከንፈርዎ ምን ነካው?" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ቁርስ አልቀመሱም እንዴ?"

"ደም ሊወሰድ አይደል? ከእራት ወዲህ ውሃም አፌ አልገባ።"

ቡጢ ጓንቷን እንደያዘች ቀና አለች።

"እምዬ፣ ማን ሊመረምርሽ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። ሐኪም ቤት ሁሌ ባዶ ሆድሽን ነይ ነው የሚሉኝ።"

"ውሃስ ማን ከለከለሽ?"

"ባዶ ከሆነ ባዶ ነው ብዬ ነዋ።"

ልብስ ሰፊዋ አፏን በሻርፗ ይዛ ፊቷን አዞረች። ቡጢ አልሳቀችም፤ ግን ወንበሩን ወደኔ ሳበች።

"ውሃ ያልጠጣ ሰው ደም ሥሩ ይደበቃል። ሳልጠይቅ ማንንም ወግቼ አላውቅም ነበር" አለች፤ ለኔ አይመስልም፣ ለራሷ ነው።

ውሃ አጠጣችኝ፤ አንድ ብርጭቆ ስጨርስ ሌላ ቀዳች። ዳቦ አስበላችኝ። ክንዴን ለብ ባለ ፎጣ ጠቀለለችና እስኪሞቅ ጠበቅን። ከዚያ አዲስ ጓንት አጠለቀች።

"እስቲ ክንድዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ፣ እናቴ። ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል።"

አንቱ ብላኝ አታውቅም። አባቷን ግን በሕመሙ ጊዜ መርፌ ስታነሳ ልክ እንደ ባዳ በሽተኛ አንቱ ትለው ነበር፤ ከት ብሎ ይስቃል። አሁን የሚስቅ የለም። ጣቷ ክንዴ ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ተጫነ። ደሙ ብልቃጡ ውስጥ ገባ፣ ጥቁር ቀይ።

"አመመሽ?"

"አልተሰማኝም። አንቺስ?"

ትንሽ አሰበች። "ሲገባ ተሰማኝ።"

ጥጥ ክንዴ መታጠፊያ ላይ አደረገችና "ጫን አድርገሽ ያዢው፣ እንዳይበልዝ" ብላኝ ጋውኗን ለብሳ ሄደች።

ያዝኩት። ልብስ ሰፊዋ ምሳ ላቅርብልዎት ብትለኝ እምቢ አልኩ። ያቺ ልጅ ታክሲ አጥታ ይሆን፣ ለጠያቂዎቹም ውሃ ጠጥታችኋል ወይ ብላ ይሆን እያልኩ በአንድ ቦታ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩ ተከፈተ። ቡጢ በዓይኗ ክንዴን ፈለገች።

"እስካሁን?"

"ልቀቂው አላልሽኝማ።"

በአባቷ ወንበር አልተቀመጠችም። አጠገቤ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ጥጡን የጨበጠውን እጄን ያዘች።

"ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል" አለች።

"ደግ" አልኩ።

ጣቶቼ ደርቀው አልታዘዝ ብለው ነበር። አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።